«እንደምን አደራችሁ» ማለት ለምን ይከለከላል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ነዋሪዎች የጋራ የቴሌግራም ቡድን አለን። ከሁለት ወር በፊት ኮሚቴው አንድ ደንብ አወጣ፤ የማለዳ ሰላምታ፣ የበዓል ምስልና «መብራት አለ?» የሚል ጥያቄ ከእንግዲህ አይጻፍም፤ ቡድኑ ለቁም ነገር ብቻ ነው ተባለ። ምክንያቱ «በየቀኑ አንድ ዓይነት ወሬ ሰለቸን» የሚል ነው። ዕድራችንም ይህንኑ ደንብ ሊከተል መሆኑን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ደንቡን ያረቀቀው ወጣት ጎረቤቴ ቅን ልጅ ነው፤ የተናደደውም ያለ ምክንያት አይደለም። የውሃ ፓምፑ ማስጠገኛ መዋጮ ማስታወቂያ በሰላምታ ተውጦ ግማሾቻችን ሳናየው ቀርተን ሦስት ቀን ውሃ አጥተናል። መፍትሔው ግን ማስታወቂያውን ከቡድኑ አናት ላይ መሰካት ነበር፤ ቴሌግራም ይህን ማድረግ ያስችላል። የስልኩ ጩኸት የሚረብሸው ሰውም የቡድኑን ድምፅ ብቻ ለይቶ ማጥፋት ይችላል። የሰው አፍ መዝጋት ለምን አስፈለገ?

32 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ሰላምታችን ጥያቄ ነው። ማታ የተለያየነውን ሰው ጠዋት «እንደምን አደርክ» እንለዋለን፤ ጥቂት ቀን ያላየነውን «እንደምን ሰነበትክ»፤ ወራት ያለፉትን «እንደምን ከረምክ»። «ከረመ» ክረምትን በሆዱ የያዘ ግሥ ነው። ከተለያየን ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥረን ነው የምንጠይቀው። ማሊኖውስኪ የተባለው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ንግግር ሐሳብ ለማስተላለፍ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማስተሳሰር እንደሚያገለግል አስረድቶ ነበር። የእኛ ሰላምታ ግን ሁለቱንም ይሠራል ባይ ነኝ።

የተሰለቸው የመብራት ጥያቄም እንዲሁ ነው። ጨለማ ሲሆን አንዱ «እናንተ ጋር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከላይ «የለም»፣ ከጎን ብሎክ «አለ» የሚል መልስ ሲመጣ ችግሩ የሰፈሩ ይሁን የሕንፃችን እንለያለን። የጠፋው የእኔ ቤት ብቻ ከሆነ ቆጣሪዬን አይቼ ባለሙያ እጠራለሁ፤ የሁሉም ከሆነ ሻማዬን ለኩሼ እጠብቃለሁ። አንድ ምሽት አንዲት እናት «ሽሮዬን እንደጣድሁ ጠፋብኝ» ብላ ጻፈች። «ጋዝ አለኝ፤ ይዘሽው ነይ» አለቻት ሌላዋ። ሁለቱ ከዚያ በፊት በደረጃ ላይ ሲተላለፉ እንኳ አይነጋገሩም ነበር፤ አሁን ቡና ይጠራራሉ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የአራተኛ ፎቁ አባት ነገር ነው። ሰማንያን አልፈዋል። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም፤ ጉልበታቸውም ደረጃውን እምቢ ካለ ቆይቷል፤ የሚወርዱት ለቤተ ክርስቲያንና ለሐኪም ብቻ ነው። በየዕለቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ «እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶቼ፤ ያሳደረን አምላክ ይመስገን» ብለው ይጽፉልን ነበር፤ አንዲት ቃል ሳትለወጥ። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ጠፉ። ባለፈው ሳምንት ድፎ ዳቦ ይዤ ወጣሁና «ምነው አባቴ፣ ጠፉብን?» አልኋቸው።

«ቁም ነገር ብቻ ጻፉ ተባለ አይደል፣ ልጄ? እኔ ከእንደምን አደራችሁ ሌላ የምጽፈው ምን አለኝ?» አሉኝ።

የምመልሰው ጠፋኝ።

በመጪው እሑድ የብሎካችን ስብሰባ ነው። ደንቡ እንዲነሣ አጀንዳ አስይዣለሁ። እኚህ አባትም እንዲገኙ፣ ስብሰባው እንደ ወትሮው ግቢው ውስጥ መሆኑ ቀርቶ አራተኛ ፎቅ፣ በራቸው ፊት ለፊት እንዲደረግ ጠይቄአለሁ። ወንበሮቹን ተሸክሞ ለማውጣት ቃል የገባልኝ ያው ደንቡን ያረቀቀው ወጣት ነው።

ጡረታ የወጣች የአማርኛ መምህርት
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ