ለእምዬ፣ ስለ አፈሩ ጉዳይ

እምዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ደኅና ነን። ትንሿ ልጄ ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውራዋለች፤ ለአያቴ ንገሪያት ብላኛለች።

ሰውየው የሸክላ አፈር የምታወጡበትን ጉድጓድ አጥሮ በአህያ ጭነት ክፈሉ ማለቱን ሰማሁ። ሄጄ ልለምነው ማለትሽንም። እባክሽ አትለምኚው። ቀበሌም ለብቻሽ አትሂጂ፤ የአንድ ሴት አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ከሁሉ በፊት የሰውየው አረንጓዴ ደብተር፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው፣ ጉድጓዱን ይጨምር እንደሆነ ከወረዳው መሬት አስተዳደር አጣሩ። ካልጨመረ ግማሹ ጭቅጭቅ አለቀ። ከዚያ አፈር የምታወጡትን ሁሉ ሰብስቢ፤ የገበያም፣ ሸክላ የሚቃጠልበትም ቀን አይሁን። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቀኑ፣ የተገኙት ስም ከነአባት፣ ጉድጓዱ የሚዋሰናቸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምታወጡበት ይጻፍ። ሁለት አዋሳኝ ገበሬ ቢፈርም ከሃያ የእኛ ሰው ይበልጣል። ከአንቺ ምጣድ የሚወስዱት ሚስቶቻቸው ያግባቡልሽ።

ጥያቄያችሁ መሬቱ በወል ይዞታ፣ በሁላችን የጋራ ስም፣ ይመዝገብልን የሚል ይሁን። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማንበብ የሚችል አንዱ "እኔ ልሩጥላችሁ" ይልና በስሙ ያስወጣዋል፤ ከዚያ ለእሱ ከፋይ ትሆናላችሁ። ማመልከቻው ሦስት ኮፒ ይሁን፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ማኅተምና በመዝገብ የገባበት ቁጥር ይደረግበት። "ተቀብለናል" በአፍ ከሆነ አልተቀበሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ሰው ማበላለጥን ይከለክላል፤ እሱን አስጽፊ፣ ሌላ ሕግ አታብዢ።

ልጽፍልሽ የፈራሁት ይኸው መጣ። ሰውየው "ቡዳ" ሲልሽ ዝም አልሽ አሉ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። "እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉሽ ገበሬ ናት በያቸው" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለእኔ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ባሳደገኝ እጅ እንዳፍር ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ፤ ይህን ሳልነግርሽ እዚህ ደርሻለሁ። አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ እንኳ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው!

ስድቡን ከነቀኑ፣ ከሰሙት ሁለት ሰዎች ስም ጋር አስመዝግቢ። ክስ ካሰብሽ ሦስት ወር ሳያልፍ ነው። እኔ ግን ሽማግሌ ይሻላል እላለሁ፤ ነገ ጀበና የሚገዛሽ የእሱው ዘመድ ነው። ብቻ ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፣ ቃሉም ተጠርቶ "ዳግመኛ አልልም" ይበል።

ስብሰባውን አንቺ ምሪው። ዓይኔ ደክሟል እንደምትይ አውቃለሁ፤ ሳትፈርሙ በፊት ጽሑፉን ሁለት የተለያዩ ልጆች ያንብቡላችሁ፣ ንባባቸው ካልገጠመ እንዳትፈርሙ። መንገዱ ሰላም ከሆነ መጥቼ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ።

ደግሞ በጣት አሻራ ስትፈርሚ፣ ጭቃው የአውራ ጣትሽን መስመር ጨርሶታልና ቀለሙ አልይዝ ሊል ይችላል። በሳሙና ታጥበሽ በደንብ አድርቂው፤ እንቢ ካለ የሌላውን እጅ ሞክሩ፣ የየትኛው እጅ እንደሆነም ከጎኑ ይጻፍ።

ልጅሽ፣ ከቀጨኔ