ላይክ ማድረግ «እመጣለሁ» ማለት ነው?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ልንገናኝ ተቀጣጥረን፣ ሁለታችን ብቻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ካፌ ውስጥ ተጎልተን አረፈድን። ሌሎቹ የመጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ እኛ ተናደን ከሄድን በኋላ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ቅዳሜ 3:00» ብሎ የለጠፈው ጓደኛችን ስልኩ የሚቆጥርለት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሁላችንም ላይክ አድርገናል። «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ብንደዋወል ኖሮ ይህ ሳይጠየቅ ስልኩ አይዘጋም ነበር።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ዋሽንግተን የሚኖረው ወዳጃችን አምና «ለጥምቀት እመጣለሁ፣ በ12 እገባለሁ» ብሎ ጻፈ። እኛ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ መስሎን «ምነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ?» እያልን ስናማው ሰነበትን። ለካ ጃንዋሪ 12 ማለቱ ነው፤ በእኛ ጥር 4። ቦሌ ሻንጣውን ይዞ ብቻውን ቆመ።

ይህስ ያስቃል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ቀጠሮ የሚያዘው በአካል ወይም በቤት ስልክ ነበር። የጓደኛዬ እናት ያነሱታል። «የማን ልጅ ነህ? እናትህ ደህና ናት?» ተብዬ፣ መልሼ፣ ከዚያ በኋላ ነው ልጃቸው የሚጠራልኝ። «ብሔራዊ ቴአትር፣ አንበሳው ጋ፣ 10 ሰዓት» እንባባላለን። አለቀ። ከዚያ ወዲያ መቅረት የለም፤ ሰውዬው ከቤት ከወጣ በምን ትነግረዋለህ? የሐበሻ ቀጠሮ ድሮም ነበር፣ አልክድም። አንድ ሰዓት አርፍደን እንመጣ ነበር። ግን እንመጣለን።

ዛሬ ግሩፑ ውስጥ 14 ነን። ቃል የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ቅዳሜ ወይስ እሁድ?» የሚል ፖል ይወጣል፣ 11 ሰው ቅዳሜን ይነካል። ቅዳሜ ጠዋት «ሶሪ፣ አልተመቸኝም» ይዘንባል። እያንዳንዱ «እኔ ብቀር ሌላው አለ» ይላል። «ታክሲ ውስጥ ነኝ» የሚልም አለን። አንዴ «እስቲ ሎኬሽን ላክ» ብንለው ገና አያት ሰፈር፣ ቤቱ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ስማርት ስልኩን ሌባ ወሰደበት። በዛሬው ዋጋ መተካት አልቻለም፤ የያዘው ተራ ስልክ ነው። ማንም አስቦበት ሳይሆን ከቀጠሮአችን ሁሉ ወጣ። በዚህ መሃል የአንዳችን እናት አረፉ። መርዶውም የቀብሩ ሰዓትም ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። እሱ ቀብር ላይ አልነበረም። በሠልስቱ ሰምቶ መጣና ድንኳኑ ውስጥ ቀስ ብሎ «ማን ደወለልኝ?» አለን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ቪፒኤን የማንችልበት ሰዎች መደዋወል ጀምረን ነበር። መዘጋቱን ደግፌ አይደለም፤ ስንቱ እንጀራው እዚያ ላይ ነው። ግን በዚያ ሰሞን ከእኛ መሃል ከቀጠሮ የቀረ ሰው አላስታውስም። እንደተከፈተ ሁላችንም ወደ ላይካችን ተመለስን።

ቴሌግራም ይቅር አልልም። 14 ሰው ጋ መደወል ቀን ይፈጃል፤ ካርዱስ? ባለፈው ሳምንት ለግሩፑ አንድ ሐሳብ ጻፍኩ፦ ቀጠሮ ሲለጠፍ እያንዳንዳችን ለአንድ ሰው ብቻ እንደውል፤ የመጨረሻው ተራ ስልክ ላለው ጓደኛችን ይደውል።

9 ሰው ላይክ አድርጎታል። እስካሁን የደወለልኝ የለም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ