ከፒትስበርግ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ሰንብተሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ከዋሽንግተን በተነሣን በሰባተኛው ቀን፣ ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ፒትስበርግ ገባን። ማታ ደግሞ፣ እናትህ ስነግራት ሳቀች እንጂ አላመነችኝም፣ ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ የቤዝቦል ጨዋታ ተመለከትሁ።

መንገዱ በመጀመሪያ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይዘልቃል፤ ድሮ በቅሎዎች በጎኑ በተቆፈረው ቦይ ላይ የሚንሳፈፉትን ጀልባዎች እየጎተቱ የሚሄዱበት ነበር። ቦዩን የመኪና መንገድ ለማድረግ ታስቦ ሳለ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1954 ጋዜጠኞችን ጋብዘው ዳርቻውን በእግራቸው በመጓዝ ተሟገቱለት፤ በመንገዱ ላይ የዛፍ ጥላ ያገኘነው በእርሳቸው ውለታ ጭምር ነው። 3,118 ጫማ የሚረዝመውን የፓው ፓው ዋሻ ግን ብስክሌቶቻችንን እየገፋን በባትሪ ብርሃን አለፍነው።

ከከምበርላንድ ወዲያ ያለው 150 ማይል ቀድሞ የባቡር ሐዲድ የነበረ ነው። ለባቡር የተቀየሰ አቀበት ለዘብ ያለ ቢሆንም 24 ማይል ያህል ፋታ አይሰጥም፤ እኔም ከሁሉ ኋላ የቀረሁት እዚያ ነው። የጨዋታውን ትኬት አስቀድመን ስለ ገዛን አንድ ቀን ብንዘገይ ሁላችንም እናጣው ነበርና፣ ትተውኝ እንዲሄዱ ለመንኋቸው። አንዳቸውም መልስ ሳይሰጡኝ ጓዜን ፈትተው ለአራት ተካፈሉት፤ እኔን ከፊት አሰልፈውም በእኔ ዝግታ ተከተሉኝ። ዝናቡ በአንድ ወገን ወደ አትላንቲክ፣ በሌላው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚወርድበትን 2,392 ጫማ ከፍታ አብረን ረገጥነው። የቀረው አብዛኛው ቁልቁለት ስለ ነበር ብዙ የምጽፍልህ የለኝም።

ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ኦሃዮ በሚሆኑበት ስፍራ ጉዟችን አበቃ። ብስክሌቶቹን ማደሪያችን አስቀምጠን፣ በጨዋታ ቀን ለመኪና በሚዘጋው የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ድልድይ ከሕዝቡ ጋር በእግር ተሻገርን። የዚህ ሰው ሥዕል በክፍልህ ግድግዳ ላይ ዓመታት ሲኖር ማን እንደ ሆነ ጠይቄህ አላውቅም ነበር። 3,000 ጊዜ ኳስ መትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የመጨረሻ ቀን በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ሲያደርስ በአውሮፕላን አደጋ ማረፉን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ። የሜዳው የቀኝ ግንብ 21 ጫማ የሆነውም በመለያ ቁጥሩ ምክንያት ነው አሉኝ። በሰባተኛው ዙር መካከል ሕዝቡ እንደ ልማዱ ለመፍታታት ሲነሣ፣ እኛ አምስታችን አንዳችን የሌላውን ትከሻ ሳንይዝ መቆም አልቻልንም።

ልጅ ሳለህ ወደ ጨዋታህ ባደረስሁህ ቁጥር «ስንት ሰዓት ያልቃል?» እልህ ነበር፤ አንተም «አይታወቅም፣ አባዬ» ትለኝ ነበር። የምትደብቀኝ እየመሰለኝ ተቆጥቼ ትቼህ እሄድና ሲያልቅ እመጣ ነበር። ትናንት ግን፣ አንዱ ቡድን 27 ጊዜ ተጫዋች እስኪወጣበት ድረስ በሰዓት ተሸነፈ የሚባል ነገር እንደሌለ ሳይ፣ እውነቱን እንደ ነገርኸኝ ገባኝ። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ባለመጠበቄ ይቅር በለኝ።

ሽማግሌው ያስተማሩኝን የውጤት መመዝገቢያ ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንተ በልጅነት ደብተርህ ላይ ኬ የምትባለዋን ፊደል አንዳንዴ ገልብጠህ ስትጽፋት ተሳስተህ መስሎኝ አርሜህ ነበር፤ ለካ መቺው ከተራው የምታስወጣውን፣ ስትራይክ የምትባለዋን ሦስተኛ ኳስ ዱላውን ሳያወዛውዝ ቆሞ ሲያሳልፋት የሚጻፈው እንዲሁ ኖሯል። በአምስተኛው ዙር የዘለልሁት ሳጥን አለ፤ ስትመጣ አብረን እንሞላዋለን።

አባትህ