ስልሳው ቀን ሲያልፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ልክፈት ብሎ ሲነሳ፣ አንዳንዴ ቦታው ለመኖሪያ ብቻ የተመደበ ሆኖ ያገኘዋል። ምደባው እንዲቀየርለት ለከተማው ያመለክታል። ከዚያ «ጉዳይህ ሂደት ላይ ነው» ይባላል። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው መሰለኝ።

የግዛቱ ሕግ ቁጥር 15.99 ግን የጊዜ ገደብ ቆርጧል። ከተማው የተሟላ የጽሑፍ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ካልከለከለ፣ ጥያቄው እንደጸደቀ ይቆጠራል። በቃ! ማራዘም ከፈለገ ቀኑ ሳያልቅ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የጎደለ ሰነድ ካለም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ ቆጠራውን እንደገና ማስጀመር አይችልም።

እርግጥ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። የከተማው ምክር ቤት ተዘናግቶ ቀኑን ካሳለፈ፣ የተቃወሙት ጎረቤቶች ድምፅ ገደል ገባ ማለት ነው። ጥፋቱ የምክር ቤቱ፣ ዕዳው የሰፈሩ።

ለማንኛውም፣ ማመልከቻ ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቀን ያለው ማኅተም አስመቱ።

አንባቢያችሁ፣ ከሚኒሶታ