ዝም ብዬሽ ከረምኩ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማርቆስ ክረምቱ ገብቷል፤ ጭቃውን ታውቂዋለሽ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልጻፍኩልሽ ይቅር በይኝ። አባዬ በተቀበረ በወሩ ወንድሞቼ በቤቱ ተካሰሱ። የማወራው ሁሉ ክፉ ሆነብኝና ዝም አልኩ።

ባለፈው እሑድ ከእማዬ ጋር አንድ የአሜሪካ ፊልም አየን። «ሊትል ሚስ ሰንሻይን» ይባላል፤ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ስድስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች በአሮጌ ቢጫ ቮልስዋገን ተጭነው ትንሿን ልጅ ለቁንጅና ውድድር ካሊፎርኒያ ይወስዷታል። ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለበት። አጎትየው ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ገና ከሆስፒታል መውጣቱ ነው። ወንድሟ ፓይለት እስክሆን አልናገርም ብሎ፣ የፈለገውን በወረቀት እየጻፈ ያሳያል። የመኪናዋ ፍሪሲዮን ተበላሽቶ ገፍተው ያስነሷትና እየሮጡ ይሳፈራሉ።

አያትየው (ተዋናዩ አላን አርኪን ኦስካር ያገኙበት ነው) መንገድ ላይ ሞቱ። ወረቀቱ ሳያልቅ አስከሬኑን መውሰድ አትችሉም ተባሉ። ውድድሩ ሊያልፋቸው ሆነ። በአንሶላ ጠቅልለው በመስኮት አወጧቸው! እኔ እየተረጎምኩላት በሳቅ ፈረስኩ። እማዬ ግን አልሳቀችም።

«ደግ አደረጉ» አለች። «ታዲያ ሽማግሌውን ሰው አገር ጥለዋቸው ሊሄዱ ኖሯል?»

ከዚያ ስለ ታላቅ ወንድሟ ነገረችኝ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። አስከሬኑን ሳያዩ ለቅሶ ተቀመጡ። እስከ ዛሬ መቃብሩን አላየችውም። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቤት ስንኖር!

አንድ ቦታ ደግሞ አንቺን አስታወሰኝ። ልጁ ዓይኑ ቀለም እንደማይለይ ያውቃል። ፓይለት መሆኑ ቀረ። ከመኪናዋ ወርዶ ሜዳ ላይ ይጮኻል። እናቱ ብትለምነው እምቢ አለ። ትንሿ እህቱ ወርዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ አቀፈችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። እሱም ተነሣ። አንቺም በአባዬ ለቅሶ ሦስት ቀን እንዲሁ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። ከሁሉም በፊት ለአንቺ መጻፍ ነበረብኝ።

ነሐሴ ውስጥ የአባዬ ሙት ዓመት ነው። እማዬ ሁለቱንም ወንድሞችሽን ጥሪልኝ አለችኝ። ታናሹ እሺ ብሏል። ትልቁ ስልኩን አላነሣም፤ ነገ ደግሜ እደውልለታለሁ። አንቺ ግን እባክሽ ነይ። አልጋሽ እንደነበረ ነው።

ናፋቂሽ