ስሌቱ ከመስኩ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ዓመት በውስጥ ፈታኝነት የተቀመጥኩበት አንድ የዶክትሬት መመረቂያ ነው። ተማሪው ሁለት በጋ ድንኳን ውስጥ እያደረ፣ በአንድ የተራራ ደን ውስጥ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆኑ 60 የናሙና ቦታዎችን በገመድ ከልሎ፣ የየዛፉን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለክቶ መዝግቧል። ልፋቱን የሚነቅፍ አልነበረም። ጥያቄው የተነሳው ትንተናው ላይ ሲደረስ ነው። ቦታዎቹ በሦስት መስመር ተደርድረው እርስ በርስ የሚራራቁት 50 ሜትር ብቻ ስለነበር አፈሩም፣ ቁልቁለቱም፣ እርጥበቱም ከጎረቤት ጎረቤት ብዙም አይለይም፤ ተማሪው ግን 60ዎቹንም ራሳቸውን እንደቻሉ 60 ምስክሮች ቆጥሯቸው ነበር። ከአንድ ቤት የመጡ ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም የሚደነቅ ዳኛ የለም። የውጭ ፈታኙ ይህን ሲጠይቁት ልጁ ዝም አለ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በእሱ ዕድሜ ብጠየቅ ዝም ማለቴ አይቀርም ነበር።

እንዲህ ያለው ስሌት ምን እንደሚጠቅም ለማወቅ የባሌ ተራሮችን ማየት ይበቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በዚያ ከፍታና ብርድ እያንዳንዱን ቀበሮ በወጥመድ ይዞ መከተብ የሚታሰብ አልነበረም። የእንስሳት ሐኪሞች፣ መንጎቹን ለዓመታት በእግር የተከታተሉ ተመራማሪዎችና የበሽታን ስርጭት በሒሳብ ሞዴል የሚያሰሉ ባለሙያዎች ግን ካለፉት ወረርሽኞች መረጃ ተነስተው ሌላ መንገድ አገኙ፤ ቀበሮዎቹ በጠባብ መተላለፊያ በተያያዙ ቡድኖች ተከፋፍለው ስለሚኖሩ፣ በመተላለፊያው ያሉትን ጥቂት መንጎች መከተብ ትልቁን እልቂት ለማስቀረት ይበቃል የሚል ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ከሦስቱ ሙያዎች አንዱ ቢጎድል ኖሮ የትኛው መንጋ ይከተብ የሚለው ጥያቄ መልስ ባላገኘ ነበር።

መረጃ ተቸግረናል እንዳንል፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተነሱት የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች ከ2008 ወዲህ ለማንም በነጻ ይሰጣሉ። ተማሪዎቻችንም የካርታ ሶፍትዌር ይማራሉ፤ ደኑን አረንጓዴ፣ እርሻውን ቢጫ ቀብተው ያመጣሉ። ካርታው ያምራል። ያ አረንጓዴ ለምን እዚያ እንደቀረና ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ይቆማል።

አሜሪካኖች ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽናቸው በኩል፣ ከተለያዩ ትምህርት ክፍሎች የመጡ የዶክትሬት ተማሪዎችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያሰለጥን ፕሮግራም ጀምረው ነበር። የእነሱን ገንዘብ አንመኝም። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው አነስ ያለ ነገር ነው፤ መስክ የሚወጣ የዶክትሬት ተማሪ ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ከስታቲስቲክስ ወይም ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ አማካሪ እንዲኖረው ይደንገግ፤ ያ አማካሪም ድካሙ በሎዱ፣ ማለትም በመደበኛ የሥራ ድርሻው፣ ይቆጠርለት። በእኔ ግምት እስካሁን ያልሆነው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ነው፤ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ ማማከር ለአንድ መምህር ደመወዝም ዕድገትም አያመጣለትም።

ያ ተማሪ ስድስት ወር ተጨምሮለት ትንተናውን እንደ አዲስ ሠርቷል። የረዳው ቢሮው ከእኛ ሕንጻ ፊት ለፊት የሆነ አንድ ወጣት የስታቲስቲክስ መምህር ነው። ስሙ የሚገኘው ምስጋና ገጹ ላይ፣ ከድንኳን ጠባቂው ስም ቀጥሎ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር