እሁድ ሐይቅ እንዋል

ውድ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

የእሁዱ መዝናኛችን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው። ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃ ዳር ለመዋል የግድ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ መሄድ የለብንም፤ እኛም ደጃችን ላይ አለን።

በጠዋት እንነሳ። ጠዋት ውኃው ረግቶ ይቆያል፣ ዙሪያው ያሉት ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታዩበታል። ከሰዓት ነፋስ ሊነሳ ስለሚችል ጀልባ የሚፈልግ ከምሳ በፊት ይሳፈር። የልጆቹን ነገር ግን አደራ! የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ልጅ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ በዚህ ድርድር የለም።

ምሳችን አሳ ነው። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ ይቀርባል። ሎሚ ጭመቁበት፣ አዋዜ አስነኩት፣ በእጃችሁ ብሉት። ለኔ በሹካ አይጣፍጥም።

ከምሳ በኋላ የፈለገ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ይሄዳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። ወደ ገዳሙ ሴቶች ስለማይገቡ፣ እህቶቻችን ብቻቸውን እንዳይቀሩ ሌሎቻችን ዳር ላይ ቡና እንጠጣለን። ለዙህር ሰላትም ሰዓት ተይዟል፣ አብሽሩ።

የውኃ ላስቲክ ሐይቁ ዳር ጥሎ መምጣት ነውር ነው። ከረጢት እኔ እይዛለሁ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ፤ መኪና የምንይዘው በቁጥራችን ልክ ነው።